አል-ጀዘሪ፦ የውሃን ልክ በውሃ የፈተነው መሐንዲስ



ዱባይ የምትሠራው እህቴ ባለፈው ዒድ ሰሞን አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ኢብን ባቱታ በሚባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ የቆመ ትልቅ ዝሆን ነው። ጀርባው ላይ ሰገነት ተሸክሟል፤ ከላይ ወፍ፣ ዝቅ ብሎ ዘንዶዎች፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ነጂው አለ። እህቴ ኢንጂነሪንግ ስለምማር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስላትም፤ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ይህኛውን አውቀው ነበር። ከ800 ዓመት በፊት የተነደፈ የውሃ ሰዓት ቅጂ ነው። የነደፈው አል-ጀዘሪ ነው፣ አላህ ይዘንለት።

ስሙ ለአብዛኞቻችሁ አዲስ አይደለም። በየቴሌግራም ቻናሉ የሮቦት አባት እየተባለ መልኩ ሳይቀር ይዞራል (በዚያ ዘመን ማን ፎቶ እንዳነሳው አላህ ይወቅ)። እኔ ስለሱ ለመጻፍ የተነሳሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ በእንፋሎት ተርባይን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት በኮምፒውተር ሲሙሌት ማድረግ ነው። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ የስህተቴ ትርጉም በደንብ የገባኝ ደግሞ የዚህን ሰው ሥራ ሳነብ ነው።

ሙሉ ስሙ በዲዑዝ-ዘማን አቡል-ዒዝ ኢስማዒል ኢብኑር-ረዛዝ አል-ጀዘሪ ነው። ረዛዝ ሩዝ ነጋዴ ማለት ነው፤ በዲዑዝ-ዘማን ደግሞ የዘመኑ ድንቅ እንደማለት ያለ ማዕረግ ነው። አል-ጀዘሪ የሚለው ከአል-ጀዚራ ምድር መሆኑን ያመለክታል። ቻናሉን ማለቴ አይደለም፤ በዲጅላና በፉራት ወንዞች መካከል ያለውን አገር ነው። ስለ ሕይወቱ የምናውቀው በኪታቡ መግቢያና በየምዕራፉ ጣል ካደረጋቸው ነገሮች ነው። ስለ ራሱ ብዙ አላወራም። ስለ ቀዳዳ ዲያሜትር ግን ገጽ በገጽ ጽፏል።

በ570 ሂጅሪያ (በ1174 እ.ኤ.አ. ገደማ) አርቱቆች በሚባሉት የቱርክመን ነገሥታት ቤት ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ አባትየውን፣ ቀጥሎ ታላቅ ልጁን፣ በመጨረሻም ታናሹን ናሲሩዲን መሕሙድን አገለገለ። የነገሥታቱ የቀድሞ መቀመጫ ዲጅላ ዳር ያለችው ሒስን ከይፋ ነበረች። በ1183 እ.ኤ.አ. ሰላሑዲን አል-አዩቢ አሚድን (የዛሬዋን የቱርክ ከተማ ዲያርባኪር) ይዞ ለአርቱቁ ንጉሥ ኑሩዲን ሙሐመድ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ቤተ መንግሥቱ አሚድ ሆነ። ሒስን ከይፋ ዛሬ ሐሰንከይፍ ትባላለች። አሮጌዋ ከተማ ለኢሊሱ የኃይል ማመንጫ ግድብ ስትባል በ2020 እ.ኤ.አ. ከውሃ በታች ሆናለች። ውሃ እያስተኛ ተርባይን የሚያዞር ትውልድ፣ ውሃን ሕይወቱን ሙሉ ሲለካ የኖረውን ሰው ጌቶች ከተማ አሰጠማት። ይህን ሳነብ ትንሽ ዝም አልኩ።

ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር። ሰላሑዲን ቁድስን ሲያስመልስ 1187 እ.ኤ.አ. ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች በሙሉ ዓይናቸው ወደ ሠራዊቱ ነበር። በዚያው ጊዜ በአሚድ አንድ ሰው መዳብ እየቀጠቀጠ፣ ገመድ እየዘረጋ፣ በጠባብ ቀዳዳ ስንት ውሃ እንደሚወርድ ይቆጥር ነበር።

ሃያ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው ኪታብ የመጻፍ ነገር የመጣው። አንድ ቀን በትእዛዝ የሠራውን ዕቃ ይዞ ንጉሡ ናሲሩዲን ፊት ቀረበ። ንጉሡ ዕቃውንም እሱንም ካየ በኋላ እንዲህ የደከመበት ሥራ እንዳይጠፋ በጽሑፍና በሥዕል እንዲያስቀምጠው ጠየቀው። አል-ጀዘሪም ታዘዘ። ኪታቡ የተጠናቀቀው በ602 ሂጅሪያ (በ1206 እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያው ዓመት የተገለበጠ ቅጂ ዛሬ ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛል።

በውስጡ 50 መሣሪያዎች አሉ። ሰዓቶች፣ የግብዣ ዕቃዎች፣ የእጅ ማስታጠቢያዎች፣ መልካቸውን የሚቀያይሩ ፏፏቴዎች፣ ውሃ ማንሻዎች፣ የአሚድ ቤተ መንግሥት ቀልጦ የተሠራ በር፣ በፊደላት የሚከፈት ቁልፍ። ከታካሚ የሚፈሰውን ደም የሚለካ የዋግምት ሳህን ሳይቀር አለ። የግብዣ ዕቃዎቹ ክፍል ለመጠጥ መጅሊስ የተሠሩ መሆናቸውን አልደብቃችሁም። አንዳንድ ጽሑፎች ይህን ክፍል ዘለው ያልፉታል፤ እኔ መዝለሉ አልታየኝም። የቤተ መንግሥት ሠራተኛ ነበር፣ የቤተ መንግሥቱም ሁኔታ እንዲያ ነበር።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የውዱእ መሣሪያው ነው። ንጉሡ ውዱእ ሲያደርግ አገልጋይ ቆሞ እጁ ላይ ውሃ እንዲያፈስለት አይወድም ነበር፤ አል-ጀዘሪን ሌላ መላ እንዲፈልግለት ጠየቀው። እሱም ራሱ ውሃ የሚቀዳ፣ ሲያበቃ ፎጣ የሚያቀብል ምስል ሠራለት። የሮቦት አባት የሚለው ስም የመጣው በአብዛኛው ከእንዲህ ዓይነቱ ነው። ሰው የሚያየው ምስሉን ነው። ሥራው ያለው ግን ከምስሉ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቫልቭ ላይ ነው።

እስቲ ወደ ቫልቩ እንግባ። ግቢያችን ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ያለው ጀሪካን ላይ ውዱእ ያደረገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጀሪካኑ ሙሉ ሲሆን ውሃው ዘሎ ይወጣል፤ ሲጎድል እየቀጠነ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ እግር እስኪታጠብ ድረስ ጀመዓው ያመልጣል። ምክንያቱ ከቀዳዳው በላይ ያለው የውሃ ከፍታ መቀነሱ ነው። ፍሰቱ የሚከተለው የከፍታውን ስኩዌር ሩት ነው፤ ከፍታው ሩብ ሲሆን ፍሰቱ ግማሽ ይሆናል። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ይህን ሕግ ያወጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አል-ጀዘሪ ሕጉ አልነበረውም። ችግሩ ግን ነበረበት፤ ሲጀምር ፈጥኖ ሲያበቃ የሚዘገይ ውሃ ሰዓት አይሆንም።

መፍትሔው በግንቡ ሰዓት ላይ በግልጽ ይታያል። ውሃው ከትልቁ ጋን በቀጥታ አይወጣም። መጀመሪያ ወደ ትንሽ ዕቃ ይወርዳል። በትንሹ ዕቃ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፣ በተንሳፋፊው አናት ላይ ሾጣጣ መክደኛ አለ። የትንሹ ዕቃ ውሃ ከፍ ሲል መክደኛው ተነስቶ የመግቢያውን አፍ ይዘጋል፤ ዝቅ ሲል ይከፍታል። ስለዚህ የትንሹ ዕቃ የውሃ ልክ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ከሱ የሚወጣውም ፍሰት አንድ ነው። ሮቶ ሲሞላ በራሱ የሚዘጋው ባለ ኳስ ቫልቭ ሥራው ይኸው ነው። የተርባይን መቆጣጠሪያም በሐሳቡ ከዚህ አይርቅም፦ የሚፈለገው ልክ ከተዛባ፣ መዛባቱ ራሱ ቫልቩን ያንቀሳቅሰዋል። ተንሳፋፊ ቫልቭን እሱ ፈጠረው አልልም። ግሪኮቹም፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የነበሩት ሦስቱ ወንድማማቾች በኑ ሙሳም ያውቁት ነበር። ዛሬ ያለው የተርባይን ቫልቭ ከሱ እጅ ወረደ የሚል ሰነድም አላየሁም። የሌለ ሰነድ መፍጠር ለሱም ለእኛም አይጠቅምም።

የሱ የሆነው ጥንቃቄው ነው። መክደኛውንና መቀመጫውን ከነሐስ ያቀልጥና ኤመሪ በሚባለው ጠንካራ የድንጋይ ዱቄት አንዱን በአንዱ ላይ እያዞረ ይፈጫቸዋል፤ ጠብታ ውሃ እስከማያሳልፉ ድረስ። ጋራዥ ገብታችሁ መካኒክ የሞተር ቫልቭን ከመቀመጫው ጋር በሻካራ ቅባት እያሸ ሲያገጣጥም አይታችሁ ከሆነ፣ ያያችሁት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ እንላለን። በዚያ ዘመን የነበረው አቆጣጠርም ለዚህ ቅርብ ነው፦ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ 12 ሰዓት። ልዩነቱ ምንድን ነው? እኛ ከምድር ወገብ ስለምንቀርብ ቀናችን ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። አሚድ ግን ወደ ሰሜን ትርቃለች። በሰኔ ቀኑ ወደ 14 ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ በታኅሣሥ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ሁለቱንም ለ12 ብታካፍሉ የሰኔዋ ሰዓት 73 ደቂቃ፣ የታኅሣሥዋ 47 ደቂቃ ገደማ ትሆናለች። ስለዚህ የውሃ ሰዓቱ ፍሰት በየቀኑ በጥቂቱ መለወጥ አለበት።

ለዚህ ይጠቀሙ የነበረው ክብ መዞሪያ ነው። የውሃ መውጫዋ ቀዳዳ በክቡ ዳር ላይ ትሆናለች፤ መዞሪያው ሲዞር ቀዳዳዋ ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች። ዝቅ ስትል ከላይዋ ያለው ውሃ ስለሚበዛ ፍሰቱ ይጨምራል። በዳሩ ላይ የአሥራ ሁለቱ ቡርጆች (የፀሐይ መንገድ ክፍሎች) ምልክት ይቀረጻል፣ በየቀኑ ወደ ዕለቱ ምልክት ይዞራል። ጥያቄው ምልክቶቹ የት የት ይቀረጹ ነው። እኔ በወረቀት ላይ ሞክሬዋለሁ። የታኅሣሥ ፍሰት ከሰኔው አንድ ተኩል እጥፍ በላይ መሆን አለበት፤ ይህን ለማግኘት የውሃው ከፍታ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ መጠጋት አለበት። ክቡን በእኩል ክፍል ብትከፍሉት አይሠራም። ለዓይን ያምራል፣ ሰዓቱ ግን ይዋሻል።

አል-ጀዘሪ መጀመሪያ ከአርኪሜዲስ የተላለፈ የሚባለውን ግማሽ ክብ ሠራው። ውሃ አስገብቶ ፈተነው። ልክ አልነበረም። ከሱ በኋላ የመጣ ሌላ ሰው የነደፈውን ሙሉ ክብ ሠራ፤ ያም ልክ አልነበረም። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የአርኪሜዲስ ስም በዚያ ዘመን ቀላል ስም አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ጥፋቱ የኔ እጅ ነው ብሎ ሊተወው ይችል ነበር፣ ወይም ንጉሡ የት ያውቃል ብሎ በእኩል የተከፈለ ቆንጆ መዞሪያ ይገጥም ነበር። እሱ ግን ስሌቱን ትቶ ወደ ውሃው ተመለሰ። ቀዳዳዋን ጥቂት እያዞረ፣ የሚወጣውን ውሃ እየለካ፣ ደጋግሞ እየፈተነ ምልክቶቹን ውሃው ባሳየው ቦታ ቀረጸ። ከዚያ የቀደሙትን ስህተትና የራሱን መንገድ ሁለቱንም ጻፈ። በሥራ ያልተፈተነ ጥበብ በእውነትና በሐሰት መካከል እንደተንጠለጠለ ይቀራል የሚል እምነት ነበረው፤ በመግቢያው ላይም አስቀምጦታል።

አደቡም ይገርመኛል። የበኑ ሙሳ ፏፏቴዎች ቅርጻቸውን ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ ተመልካች አይጠግባቸውም ብሎ ተችቷል። ይህን ያለው ግን አስቀድሞ አላህ እንዲያዝንላቸው ዱዓ አድርጎ፣ በሙያው ቀዳሚነታቸውን መስክሮ ነው። መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን የቀደመ ዓሊምን ስህተት ስናነሳ መጀመሪያ ረሒመሁላህ እንድንል ያስገድዱን ነበር። ሰውየው ይህን ልማድ ወደ ፓምፕና ቧንቧ ይዞት ሄዷል።

አሁን የኔን ስህተት ልንገራችሁ። የእንፋሎት ተርባይን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ከቦይለሩ ወደ ተርባይኑ የሚሄደውን እንፋሎት የሚመጥነው ነው። በአገራችን የስኳር ፋብሪካዎች የሸንኮራ ገለባ አንድደው የሚያዞሯቸው ተርባይኖች ላይም አለ። ጭነት ሲቀንስ ቫልቩ ይጠብባል። ጥቂት ብቻ ተከፍቶ ሲቀር እንፋሎቱ በጠባቧ ቀለበት ውስጥ በድምፅ ፍጥነት ያልፋል፤ ከቫልቩ በኋላ ያለው ግፊት ከፊቱ ካለው 55 በመቶ ገደማ በታች ከወረደ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ግፊቱን ብትቀንሱም ፍሰቱ አይጨምርም። የሚወጣው ጅረት አንዴ መክደኛውን አንዴ የመቀመጫውን ግድግዳ እየተጠጋ ሊወዛወዝ ይችላል። ያ ውዝዋዜ ቫልቩን ያንቀጠቅጣል፤ ዘንጉን እስከ መስበር ይደርሳል።

በሲሙሌሽን ይህን ክፍተት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ሴሎች ትከፋፍሉትና በእያንዳንዱ ውስጥ የክብደት፣ የሞመንተምና የኃይል ሚዛን እንዲጠበቅ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ያሰላል። የላብራቶሪው ኮምፒውተር ደካማ ነበር፣ ጊዜውም ረመዳን ነበር። ቫልቩ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ስለሆነ ግማሹን ብቻ ሠራሁ፤ ሴሎቹ በግማሽ ቀነሱ፣ ስሌቱም ቶሎ አለቀ። ውጤቱ ያምራል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፤ ጅረቱ ጸጥ ብሎ በመሃል ይወርዳል። ከኢፍጣር በፊት ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። የቫልቩ ንዝረት አያሰጋም ብዬም ደመደምኩ።

አማካሪዬ ሥዕሉን ዝም ብለው አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ከየትኛው ልኬት ጋር አነጻጸርከው? መልስ አልነበረኝም። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በእውነተኛ ቫልቮች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ሳነብ፣ በትንሽ መክፈቻ ላይ ጅረቱ ወደ አንድ ጎን እንደሚያዳላ፣ ያዳላበትንም ጎን እንደሚቀያይር አገኘሁ። የኔ ጅረት ግን ማድላት አይችልም ነበር። ቫልቩን ለሁለት ስሰነጥቀው በመሃል ያቆምኩት መስታወት ሁለቱን ወገኖች በግድ አንድ አደረጋቸው። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ የጠየቅኩትን መለሰልኝ። መወዛወዝን ከልክዬ ሳበቃ መወዛወዝ የለም ብዬ ጻፍኩ። ሰው በዚህ ተማምኖ ማሽን ቢያስነሳ ኖሮ እያልኩ ያሰብኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

አል-ጀዘሪን እንደገና ያነበብኩት ያኔ ነው። ያ በእኩል የተከፈለ ቆንጆ ክብ የኔ ግማሽ ቫልቭ ሆኖ ታየኝ።

ስለ ቀሪው ሥራው ጥቂት ልጨምር። ጣውላን እንዳይጣመም በንብርብር ማጣበቅ፣ ዕቃውን ከመሥራት በፊት ንድፉን በወረቀት ሞዴል ማየት፣ መንኮራኩርን ሚዛኑን መፈተሽ፤ እነዚህን ሁሉ በዝርዝር ጽፏቸዋል። ከውሃ ማንሻዎቹ አንዱ ባለ ሁለት ሲሊንደር ፓምፕ ነው፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል። እህቴ የላከችልኝ ዝሆን ደግሞ ሆዱ የውሃ ገንዳ ነው። በውሃው ላይ ከሥሯ የተበሳች ሳህን ትንሳፈፋለች። ቀዳዳዋ ሳህኗን በግማሽ ሰዓት ሞልታ እንድታሰጥማት ተደርጋ የተለካች ናት። ሳህኗ ስትሰጥም ገመድ ትስባለች፣ ከላይ ኳስ ይለቀቃል፣ ኳሱ ዘንዶው አፍ ውስጥ ይወድቃል፣ ዘንዶው በክብደቱ ሲያጎነብስ ሳህኗን መልሶ ያወጣታል። ወፉ፣ ነጂው፣ ዘንዶው ሁሉ የዚያች ቀዳዳ አገልጋዮች ናቸው። ለእህቴ የጻፍኩላትም ይህንኑ ነው።

ኪታቡን ዶናልድ ሂል የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ተርጉሞ በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በ1976 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የእስልምና ዓለም ፌስቲቫል ሲዘጋጅ የግንቡ ሰዓት ኪታቡ ላይ ባሉት ልኮች ተሠራ። ውሃ አስገቡበት፣ ሠራ።

እኔም ሙሉውን ቫልቭ ይዤ እንደገና ጀምሬያለሁ። የላብራቶሪው ኮምፒውተር ከጁሙዓ ጀምሮ እያሰላ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ነው። አላህ ይስጣችሁና እንዳታጠፉብኝ።